ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሰው ሲሞላ ትንፋሽ ያጥረኛል፤ እምነቴ ጎድሎ ይሆን?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእርስዎ ይሁን መምህር። ስሜ ይቆይልኝ። የምኖረው አዲስ አበባ ነው፤ ባለትዳርና የአንድ ልጅ እናት ነኝ። ከሦስት ዓመት በፊት በምሠራበት ሕንፃ መብራት ጠፍቶ ሊፍት ውስጥ ብቻዬን ቀረሁ። ብዙም ሳይቆይ ከፈቱልኝ። ከዚያ ወዲህ ግን ሊፍት አልገባም፤ ሰባተኛ ፎቅ ድረስ በደረጃ ነው የምወጣው። ቆይቶ ታክሲ ውስጥ ከኋላ ወንበር መቀመጥ አቃተኝ። አሁን ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ላይ መጣብኝ። ሰው ሲሞላ ልቤ ይመታል፣ እጄን ያልበኛል፣ ትንፋሽ ያጥረኛል፣ የምሞት ይመስለኛል። ስለዚህ ደጀ ሰላም ቆሜ እመለሳለሁ። ከቆረብኩ ሁለት ዓመት አለፈኝ። አንዷ ጎረቤቴ «ቤተ መቅደስ ሲገባ የሚጨነቅ መንፈስ ያለበት ሰው ነው» አለችኝ። ሌላዋ በራእይ «የሚፈሩና የማያምኑ» የሚለውን አውጥታ አሳየችኝ። ሐኪም ጋ ልሂድ ብል በእግዚአብሔር አለመታመን እንዳይሆንብኝ ሰጋሁ። የስድስት ዓመት ልጄም ሊፍት ሲያይ እጄን ወደ ኋላ መጎተት ጀምሯል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

እህቴ፣ መጀመሪያ ልብሽ እንዲያርፍ በግልጽ ልንገርሽ። ይህ ፍርሃት ኃጢአት አይደለም። የእምነት መለኪያም አይደለም። ሁለት ዓመት ሙሉ ደጀ ሰላም ድረስ እየመጣሽ ነው። እየፈሩ መምጣት ትንሽ ነገር አይደለም፤ እግዚአብሔርም ያየዋል።

በሰውነትሽ የሚሆነውን አስቀድመን እንይ። ፈጣሪ ሰውነታችን ውስጥ ከአደጋ የሚጠብቀን ነገር አኑሯል። አደጋ ሲመጣ ልብ በፍጥነት ይመታል፣ ትንፋሽ ይበዛል፣ ላብ ይመጣል። ሁሉም እንድንሮጥ ወይም እንድንከላከል ነው። ችግሩ ይህ ጠባቂ አንዳንዴ ይሳሳታል። የግቢ ውሻ ለሌባም ለዘመድም እንደሚጮኸው ማለት ነው። ውሻው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ዘመዱን አልለመደውም። አንቺም ሊፍቱ ውስጥ በጣም ደነገጥሽ። ከዚያ በኋላ ሰውነትሽ መውጫው የጠበበ ቦታ ሁሉ ያው ሊፍት እየመሰለው ይጮኻል።

ሌላም ነገር አለ። ደንግጠሽ ስትወጪ ወዲያው እፎይ ትያለሽ። ፍርሃቱን የሚመግበው ያ እፎይታ ነው። ሰውነትሽ «የዳንኩት ስለሸሸሁ ነው» ብሎ ይይዘዋል። ከሊፍት ወደ ታክሲ፣ ከታክሲ ወደ ቤተ ክርስቲያን የተዛመተውም በዚህ መንገድ ነው። ሐኪሞች ይህን ከጭንቀት ሕመሞች ወገን ይቆጥሩታል። በአንድ ነገር ላይ ሲበረታ ፎቢያ ይሉታል፤ ድንገት ተነሥቶ «ልሞት ነው» ሲያሰኝ ደግሞ ፓኒክ። በጣም ያስጨንቃል እንጂ በራሱ አይገድልም። ሳትሸሺ ብትቆዪ በደቂቃዎች ውስጥ ጫፍ ደርሶ ይበርዳል።

አሁን ወደ ጎረቤትሽ ቃል ልምጣ። ርኩሳን መናፍስት እንዳሉ ቤተ ክርስቲያናችን ታስተምራለች፤ ወንጌልም ይህንኑ ይነግረናል። እኔም ይህን አልሸፋፍንም። ግን የራስሽን ደብዳቤ መልሰሽ አንብቢው። የጀመረሽ ሊፍት ውስጥ ነው። ሊፍት ውስጥ ታቦት የለም፣ ታክሲ ውስጥ ዕጣን አይታጠንም። ቤተ ክርስቲያንም ሳለሽ የሚያስጨንቅሽ ሰው ሲሞላ ነው። ሦስቱን ቦታዎች የሚያገናኛቸው «በፈለግሁ ሰዓት መውጣት አልችልም» የሚለው ሐሳብ ነው። ከቅድስናው የሸሸሽበት ምልክት እኔ አላየሁም። እንዲያውም የሚያሳዝንሽ ከቅዱስ ቁርባን መራቅሽ ነው። በሰው ላይ «መንፈስ አለበት» ብሎ መፍረድ ደግሞ የጎረቤት ሥራ አይደለም። እንዲህ ያለው ቃል በተጨነቀ ሰው ላይ ሌላ ፍርሃት ይጨምራል፤ ያን የሚናገሩ ምእመናን ቢያስቡበት እወዳለሁ። የነፍስሽን ነገር ንስሐ አባትሽ ይመርምሩት።

የራእይ 21፥8 ቃልም አንቺን አይመለከትም። መጽሐፉ የተጻፈው በስደት ላሉ ክርስቲያኖች ነው። በዚያ «የሚፈሩ» የተባሉት ለሥጋቸው ሲሉ ክርስቶስን የሚክዱ ናቸው። መጽሐፉ እስከ መጨረሻው ስለ መታመንና ድል ስለ መንሣት ነው የሚናገረው። በዚህ ቃል ሊፍት የምትፈራን እናት ማስፈራራት ጥቅሱን ከቦታው መንቀል ነው።

ሌሎች ጥቅሶችም ሳይደርሱሽ አልቀሩም። «ፍጹም ፍቅር ፍርሃትን አውጥቶ ይጥላል» የሚለውን ቅዱስ ዮሐንስ የጻፈው በፍርድ ቀን ስላለን ድፍረት ነው፤ ከፍ ብለሽ ቁጥር 17ን አንብቢ። «እግዚአብሔር የፍርሃት መንፈስ አልሰጠንም» የሚለውን ደግሞ ቅዱስ ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ የጻፈለት በጌታ ምስክርነት እንዳያፍር ነው። ይህንኑ የጻፈው ሐዋርያ ለቆሮንቶስ ሰዎች «በድካምና በፍርሃት በብዙ መንቀጥቀጥም በእናንተ ዘንድ ነበርሁ» ብሏል። እየተንቀጠቀጠ ሰበከ። በሁለተኛው መልእክቱም ምዕራፍ 7 ላይ መቄዶንያ ሲደርስ በውጭ ጠብ፣ በውስጥ ፍርሃት እንደነበረበት ይናገራል። እግዚአብሔር በምን አጽናናው? በቲቶ መምጣት። ወዳጅ ላከለት።

ጴጥሮስንም ያነሡብሻል። በባሕር ላይ ሲሄድ ነፋሱን አይቶ ፈራ፣ መስጠምም ጀመረ፣ ጌታም «አንተ እምነት የጎደለህ» አለው። እውነት ነው፤ ተግሣጽ ነው። ግን ቅደም ተከተሉን አስተውዪ። «ጌታ ሆይ፥ አድነኝ» ብሎ ሲጮኽ ጌታ ወዲያው እጁን ዘርግቶ ያዘው። የገሠጸው ከያዘው በኋላ ነው። ሰው ሲሰጥም ዳር ቆሞ መውቀስ ከጌታ የተማርነው አይደለም።

ከሁሉ በላይ እንድታነቢልኝ የምፈልገው ግን የጌዴዎንን ታሪክ ነው፤ መሳፍንት ምዕራፍ 6 እና 7። ጌዴዎን ፈሪ ነበር፤ መጽሐፉ አይደብቀውም። የበኣልን መሠዊያ እንዲያፈርስ ሲታዘዝ የአባቱን ቤተ ሰብና የከተማውን ሰዎች ፈርቶ በሌሊት አደረገው። አደረገው ግን። በኋላም እግዚአብሔር ወደ ምድያማውያን ሰፈር ውረድ ሲለው አብሮ ያለው ነገር እጅግ ይደንቀኛል። ለመውረድ ብትፈራ ከሎሌህ ጋር ውረድ አለው። አልነቀፈውም። «መጀመሪያ ፍርሃትህን አስወግድ» አላለውም። አብሮት የሚሄድ ሰው ፈቀደለት። ጌዴዎንም ሎሌውን ይዞ ወረደ። ይህ ሰው በዕብራውያን ምዕራፍ 11 ከእምነት ሰዎች ጋር ተቆጥሯል።

ስለዚህ አንቺም ብቻሽን አትውረጂ። ባለቤትሽን ወይም የምታምኛትን እህት ይዘሽ ሂጂ። ያለብሽን ነገር አስቀድመሽ ንገሪያት። ሲጀምርሽ «አይዞሽ፣ አለሁ» ከማለት በቀር ብዙ እንዳታወራብሽ አስጠንቅቂያት።

አካሄዱ ቀስ በቀስ ይሁን። መጀመሪያ ቅዳሴ በሌለበት ሰዓት ሰው ሳይበዛ ግቢ፣ ተሳለሚ፣ ጥቂት ቆይተሽ ውጪ። ይህ ሲቀልሽ በዐውደ ምሕረቱ ሆነሽ አስቀድሺ፤ ድምፅ ማጉያው ይደርስሻል። ቀጥሎ በሴቶች በር በኩል፣ በሩ አጠገብ ቁሚ። የንግሥ በዓልንና የሰንበትን መጨናነቅ ለጊዜው ተዪው። በሥራ ቀን ቅዳሴ ባለበት ደብር ሂጂ፤ በዐቢይ ጾም መሐል ባሉት ሳምንታት የከሰዓቱ ቅዳሴ ሰው ይቀልለታል። ፍልሰታ ግን ይሞላል፤ በእሱ አትጀምሪ። አንዱ ደረጃ ሳይለመድ ወደሚቀጥለው አትዝለዪ። ሲጨንቅሽ ወዲያው አትሩጪ። ትንፋሽሽን ቀስ ብለሽ አስወጪ፣ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» በዪ፣ እስኪበርድ ጠብቂ። ታግሠሽ የቆየሽበት እያንዳንዱ ጊዜ ሰውነትሽን ያስተምረዋል። አንዳንድ ቀን አልችል ብለሽ ብትወጪም ተመልሰሽ ሞክሪ።

«ቅዳሴ ከተጀመረ መውጣት ክልክል ነው» የሚለውም እንደሚያስጨንቅሽ እገምታለሁ። ሥርዓቱ ልክ ነው። ዲያቆኑ «እትዉ በሰላም» ሳይል ወጥቶ መሄድ አይገባም። ግን ይህ የታዘዘው ቅዳሴውን አቃልሎ ለሚሄድ ነው። የታመመን ሰው ለማሰር አይደለም። ለንስሐ አባትሽ ሁኔታውን አስረጂና ሲብስብሽ በጸጥታ ወደ በሩ እንድትወጪ፣ ሲሻልሽ እንድትመለሺ ይፍቀዱልሽ። መውጣት እንደምትችዪ ማወቅሽ ብቻ ጭንቀቱን ሊያቀልልሽ ይችላል። መቀመጥም ነውር አይደለም። ዲያቆኑ «እለ ትነብሩ ተንሥኡ» የሚለው የሚቀመጥ ስላለ ነው። ለመቁረብ ደግሞ 18 ሰዓት ጾመሽ ትመጫለሽ። ባዶ ሆድ ረጅም ሰዓት መቆም ማንንም ራሱን ሊያዞረው ይችላል። ያን ማዞር የፍርሃት መጀመሪያ አድርገሽ አትተርጉሚው። በዋዜማው ከጾሙ በፊት በደንብ ብዪ፣ ውኃም ጠጪ።

«በእምነት ዝም ብለሽ ሊፍቱ ውስጥ ግቢ» የሚሉሽ ካሉ አትቸኩዪ። ሰይጣን ጌታን ከቤተ መቅደስ ጫፍ ራሱን እንዲወረውር ሲፈትነው የጠቀሰው ያንኑ የምንወደውን መዝሙር 90ን ነበር። ጌታም «ጌታን አምላክህን አትፈታተነው» አለው። ለሊፍቱም ያው ቀስ በቀስ ነው። አንድ ቀን በሩ ተከፍቶ ቁሚበት፣ ሌላ ቀን ከሰው ጋር አንድ ፎቅ ውጪ።

ስለ ጸሎት አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ የሚጨነቁ ሰዎች ላይ ስለማየው ነው። ፍርሃት ጸሎትን ራሱን ሊይዘው ይችላል። «ይህን ያህል ጊዜ ካልደገምኩ አንድ ነገር ይደርስብኛል» ማለት ከጀመርሽ የምትታዘዢው ለፍርሃቱ ነው። ጸሎት ከአባት ጋር መነጋገር ነው። «ጌታ ሆይ፣ ፈርቻለሁ፣ አብረኸኝ ሁን» ማለት ሙሉ ጸሎት ነው። ክታብ እሰሪ የሚልሽን ደግሞ ፈጽሞ አትስሚ።

ሐኪም ጋ ሂጂ። ይህን ስልሽ ሳልጠራጠር ነው። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብር፣ እርሱንም እግዚአብሔር ፈጥሮታል ይላል። ብትታመም ጸልይ፣ ለሐኪምም ቦታ ስጠው ይላል። ወንጌላዊው ሉቃስም ሐኪም ነበር። መጀመሪያ ጠቅላላ ምርመራ አድርጊ፤ የደም ማነስና የእንቅርት ሆርሞን መብዛት ልብን እንዲህ ሊያስመቱ ይችላሉ። ከዚያ የአእምሮ ሐኪም ወይም የሥነ ልቦና ባለሙያ ይይሽ። አዲስ አበባ አማኑኤል ሆስፒታል አለ፤ በሌሎች ሆስፒታሎችም ይህን የሚያክሙ አሉ። እንዲህ ያለው ፍርሃት በምክርና በመለማመድ ሕክምና ብዙ ጊዜ በደንብ ይሻላል። ወደዚያ መሄድ «እብድ» አያሰኝም፤ የሚያሰኝ ሰው ካለ ስሕተቱ የእሱ ነው።

ጠበሉንም አትተዪ። መጠመቂያው ቤት ጠባብ ሆኖ ካስጨነቀሽ ለጊዜው ይምጣልሽና ቤትሽ ጠጪው። ሐኪሙ መድኃኒት ካዘዘልሽ ግን «ጠበል ጀምሬያለሁ» ብለሽ በገዛ እጅሽ አታቋርጪ። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ የኤች አይ ቪ መድኃኒት ከጠበል ጋር እንደሚወሰድ በአደባባይ ተናግረዋል። የአንቺም ጉዳይ ከዚያ አይለይም። በጾም ወቅት መድኃኒቱ እንዴት እንደሚወሰድ ንስሐ አባትሽን ጠይቂ፤ ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ትራራለች።

የልጅሽን ነገር በመጨረሻ ላንሣው። ልጆች ፍርሃትን ከእኛ ፊት ላይ ያነባሉ። አትዋሺው፤ «እማዬ ትንሽ ትፈራለች፤ ግን እየተለማመደች ነው» በይው። ሊፍቱን ከአባቱ ጋር ይውጣ። ቤት ውስጥም «አያ ጅቦ መጣ»፣ «ሐኪም መርፌ ይወጋሃል»፣ «እግዚአብሔር ይቀጣሃል» እያላችሁ አታስተኙት። ይህ ልማዳችን ልጅን ከጨለማ፣ ከሐኪም፣ ይልቁንም ከእግዚአብሔር ያስሸሻል። ማታ አብራችሁ ጸልዩ፤ የፈራው ነገር ካለ ሳትስቁበት በራሱ ቃል ለጌታ ይንገረው።

የክርስትና ስምሽን ብትልኪልኝ በጸሎት አስብሻለሁ። በዚህ ሳምንት ግን ንስሐ አባትሽ ጋ ደውዪ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።