ለሐረሯ እህት፦ አባትሽ ማሽኑን እንዳይተወው

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ትናንት ማታ አይቼው ነበር፤ በሁለት መስመር የሚመለስ ስላልሆነ ዛሬ ረጋ ብዬ ልጽፍልሽ ተቀመጥኩ። አባትሽ የእንቅልፍ አፕኒያ (ተኝተው ሳለ ትንፋሽ የሚቋረጥበት በሽታ) አለብህ ተብሎ ሲፓፕ፣ ማለትም በማስክ በኩል አየር እየገፋ ጉሮሮን ክፍት የሚያደርገውን ማሽን፣ ከጀመረ ስምንት ወር ሆኖታል። ወንድምሽ ከውጭ ሲመጣ አልጋ አጠገብ የሚቀመጥ የእንቅልፍ መከታተያ አመጣለት። ማስኩን ሳያደርግ ባደረበት ሌሊት መከታተያው የእንቅልፍ ነጥብ 86 ሰጠው፣ አድርጎ ባደረበት ሌሊት ደግሞ 71። «እንቅልፌን የሚነሳኝ ማሽኑ ነው» ብሎ ሊተወው ነው፤ የትኛውን እንመን ነው ያልሽው።

እባክሽ እንዳይተወው። እኔም በዚሁ አልፌያለሁ።

ድሬዳዋ ሳቢያን ነው የምኖረው፤ በጅቡቲ መስመር 22 ዓመት ነድቻለሁ። ከአምስት ዓመት በፊት ወደ ደወሌ ስወርድ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ፣ መሪ እንደያዝኩ ሸለብ አደረገኝ። የቀሰቀሰኝ የቀኝ ጎማ ከአስፋልት ወጥቶ ጠጠሩ የመኪናውን ሆድ ሲደበድበው ነው። አቆምኩ፣ ወረድኩ፣ እጄ መንቀጥቀጡን እስኪተው ጎማው ሥር ተቀመጥኩ። ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ስነግራት «ሌሊት ስታንኮራፋ ቆይተህ ድንገት ዝም ትላለህ፤ ትንፋሽህ እስኪመለስ እቆጥራለሁ» አለችኝ። ለካ ስንት ዓመት ስትቆጥር ኖራለች። አዲስ አበባ ሄጄ፣ ጭንቅላቴና ደረቴ ላይ ሽቦ ተለጣጥፎብኝ አድሬ ተመረመርኩ። በአንድ ሰዓት ውስጥ 41 ጊዜ ትንፋሼ ይቆማል ወይም ያንሳል ተባልኩ። ከ5 በታች ከሆነ ደህና ነው፣ 30 ከደረሰ ከባድ ነው የሚሉት። እያንዳንዱ መቋረጥ ደግሞ ቢያንስ 10 ሰከንድ ነው። ዛሬ በማሽኑ ቁጥሬ 2 ወይም 3 ነው፣ አልሐምዱሊላህ።

መከታተያውን የላከልኝ የባለቤቴ ወንድም ነው። እንደ አባትሽ ሰውነት የማይነካው ዓይነት ነው። ደካማ የሬዲዮ ሞገድ ወደ ደረት ይልክና ተመልሶ የሚመጣውን ይይዛል፤ ደረት ከፍ ዝቅ ሲል፣ ሰው ሲገላበጥ፣ ከዚያ ያነባል። ከዚህ ተነስቶ ይሄ ቀላል እንቅልፍ ነው፣ ይሄ ከባድ ነው፣ ይሄ ሕልም የሚታይበት ነው ብሎ ይገምታል። እንደ ምርመራው ሽቦ የአንጎልን ሞገድ አይለካም፤ በደም ውስጥ ስላለው ኦክስጅንም የሚያውቀው ነገር የለም። ከሁሉም በላይ ለአባትሽ እንድታስረጂልኝ የምፈልገው ግን ይሄን ነው፦ በእኛ በሽታ የሚዘጋው ጉሮሮ ነው፤ ደረት አይቆምም። ደረትና ሆድ አየር ለመሳብ ይታገላሉ። ከጎን ሆኖ ለሚያይ መሣሪያ ደረቱ እየተንቀሳቀሰ ነው፤ ወደ ሳንባ የገባ አየር ግን የለም። አንጎል ደንግጦ ለጥቂት ሰከንድ ይባንናል፣ ጉሮሮ ይከፈታል፣ ሰውየው ሳያውቀው ተመልሶ ይተኛል። ይህ በሌሊት መቶ ጊዜ ቢደጋገም እንኳ መከታተያው ላያየው ይችላል። በአንጻሩ ማስክ ያደረገ ሰው ነቅቶ ቱቦውን ሲያስተካክል፣ ማሰሪያውን ሲያጠብቅ በደንብ ያየዋል፣ ነጥብም ይቀንስበታል። 86 እና 71 የመጡት ከዚህ ይመስለኛል።

እኔን ያስተማረኝ ረመዳን ነው። ለሱሁር ስነሳ ማስኩን አወልቃለሁ፤ በልቼ፣ ሱብሒ ሰግጄ ስመለስ «ለሁለት ሰዓት ብዬ ደግሞ ልታሰር?» እያልኩ ያለ ማስክ እተኛ ነበር። መከታተያው ምንም አላለኝም፤ እንዲያውም የንጋቱን እንቅልፍ እያመሰገነ ከ80 በላይ ይሰጠኛል። እኔ ግን ጠዋት ራሴን እያመመኝ፣ አፌ ደርቆ እነሳለሁ፤ ከሰዓት መኪና ውስጥ ዓይኔ ይከደናል። ሐኪሙ ነው የገለጸልኝ፤ ሕልም የሚታይበት እንቅልፍ የሚበዛው ወደ ንጋት ነው፣ በዚያ ሰዓት የጉሮሮ ጡንቻ ይበልጥ ስለሚላላ አፕኒያው የሚብሰውም ያኔ ነው። ለካ እያወለቅኩ የነበረው ለሌሊቱ ክፉ ክፍል ነው። ከዚያ ወዲህ ከሱሁር በኋላ አንድ ሰዓት ብቻ ብተኛም ማስኩን አደርጋለሁ፤ የጠዋቱ ራስ ምታትም ትቶኛል።

ታዲያ መከታተያው ይጣል ወይ? አይጣል። ማሽኑ የማያውቀውን እሱ ያውቃል። ሲፓፑ ማስኩ ፊት ላይ የዋለበትን ሰዓት ነው የሚቆጥረው፤ ተኝተህ ይሁን ጣሪያ እያየህ ግድ የለውም። ጫት የምቅምበት ቀን ነበረኝ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ 12። በእነዚያ ቀናት ማሽኑ «7 ሰዓት ተጠቅመሃል፣ ትንፋሽህ ደህና ነው» ይለኛል፤ እውነቱን ነው። መከታተያው ግን ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ድረስ ነቅቼ እንደተጋደምኩ ያሳያል። ለደከመኝ ድካም ማሽኑን ስከስ ነበር፤ ጥፋቱ የበርጫው ነበር። አሁን ለመንገድ ዋዜማ አልቅምም። አባትሽ የሚቅም ከሆነ ሳትቆጪው ግራፉን ብቻ አሳይው፤ ሽማግሌ በዓይኑ ሲያየው ይቀበላል።

ሌላው ሁለቱን አንድ ላይ በማየት ያገኘሁት ነው። መከታተያው በየሌሊቱ በተመሳሳይ ሰዓት መንቃቴን ያሳይ ነበር። አፑ በፈረንጅ ሰዓት 3 ሲል በእኛ ከሌሊቱ 9 መሆኑ ነው፤ እኛም መጀመሪያ ተሳስተን ነበር። ልጄ የማሽኑን ሜሞሪ ካርድ ኮምፒውተር ላይ ከፍታ አየችው፤ በዚያው ሰዓት ከማስኩ አየር የሚያመልጥበት መስመር ተራራ ሠርቷል። ሰበቡን ለማግኘት ሳምንት ፈጀብን። ማታ ከታጠብኩ በኋላ ፊቴን ቫዝሊን እቀባለሁ፣ ከልጅነቴ የለመድኩት ነው። በድሬ ሙቀት ላብና ቅባት ተደባልቆ ማስኩን አፍንጫዬ ላይ ያንሸራትተዋል፤ ነፋሱ ወደ ዓይኔ ሲነፍስ እነቃለሁ። ቫዝሊን ሲሊኮኑንም ያበላሸዋል። አሁን ፊቴን በሳሙና ታጥቤ፣ አድርቄ፣ ምንም ሳልቀባ ነው የምተኛው፤ የማስኩንም ጎማ በየጠዋቱ በለስላሳ ሳሙና አጥበዋለሁ። የ9 ሰዓቱ መንቃት በሦስት ቀን ጠፋ። ማሽኑ ብቻውን ቢሆን የአየሩን ማምለጥ እንጂ መንቃቴን፣ መከታተያው ብቻውን ቢሆን መንቃቴን እንጂ የአየሩን ማምለጥ አይነግረኝም ነበር።

ሐረር ከእኛ ይልቅ ከፍታ ላይ ስለሆነች ሙቀቱ አያስቸግራችሁ ይሆናል። ብርዱ ግን ሌላ ነገር ያመጣል፤ ማሽኑ የሚያሞቀው ውሃ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ቱቦው ላይ ጠብ ጠብ ይላል፣ አባትሽም አፍንጫው ላይ ውሃ ሲንጠባጠብ ይነቃል። የውሃውን ሙቀት ትንሽ ቀንሱለት ወይም ቱቦውን በብርድ ልብስ ሥር አሳልፉት። የቧንቧ ውሃ አታድርጉበት። የድሬ ውሃ ጀበናውን እንኳ ነጭ ኖራ የሚያለብስ ነው፤ ማሽን ውስጥ ገብቶ ምን እንደሚሠራ አስቢው። ማፍላት ኖራውን ሁሉ አያስወግድም፤ ዲስቲልድ ውሃ (በእንፋሎት የተጣራ) ነው የሚያስፈልገው።

የመከታተያው አቀማመጥ ላይም ተጠንቀቂ። ከደረቱ ትይዩ፣ ከፍራሹ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ከአንድ ክንድ ባልራቀ ቦታ ይሁን። እናትሽ አብራው የምትተኛ ከሆነ በእሱ በኩል ባለው ጎን አድርጊው፤ አለበለዚያ የማን ትንፋሽ እንደሆነ ይምታታበታል። እኔ ቤት ፋኑ አንሶላውንና አጎበሩን ሲያወዛውዝ እንቅስቃሴ እየመሰለው ሌሊቱን ሙሉ ነቅተሃል ይለኝ ነበር። ፋኑን ወደ ግድግዳ ሳዞረው ተስተካከለ።

መብራት ሲጠፋ ሁለቱም ይጠፋሉ፤ ግራፉ ላይ ባዶ ቦታ ካየሽ መጀመሪያ እሱን ጠርጥሪ። እኔ ለማሽኑ ብቻ ባትሪ ገዝቻለሁ፤ ውሃ ማሞቂያውን ሳጠፋው ባትሪው ብዙ ይቆያል፣ ኤሌክትሪኩን በብዛት የሚበላው እሱ ነውና። ማሽኑ የሚፈልገው ቮልት ከሥሩ ተጽፏል። የራሱ ኮንቨርተር ሳይኖር ከመኪና ባትሪ ጋር በቀጥታ እንዳታገናኙት፤ አንድ ባልደረባዬ እንዲያ አድርጎ አቃጥሎታል።

አሁን ለአባትሽ የምትነግሪው፦ የአንድ ሌሊት ነጥብ አይቶ አይወስን። ሁለት ሳምንት ማስኩን ሌሊቱን ሙሉ ያድርግና የማሽኑን ሦስት ነገር ጻፉ፤ ስንት ሰዓት ተጠቀመ፣ በሰዓት ስንት ጊዜ ትንፋሹ ተቋረጠ፣ ስንት አየር አመለጠ። ከጎኑ መከታተያው ነቅቷል ያለበትን ሰዓትና አባትሽ በቀን ያንቀላፋበትን ጨምሩበት። የትንፋሽ መቋረጡ ቁጥር ከ5 በታች ሆኖ፣ እንቅልፉም በቂ ሆኖ፣ ቀን ላይ ዝም ብሎ የሚደክመው ከሆነ ድካሙ ከሌላ ሊሆን ስለሚችል ሐኪሙ ማወቅ አለበት። ቁጥሩ ከፍ ካለም ግፊቱን ራሳችሁ አትነካኩ፤ ለሐኪሙ ንገሩት። ስትሄዱ ደብተሩንና ሜሞሪ ካርዱን ይዛችሁ ሂዱ፤ የእኔ ሐኪም የመከታተያውን ነጥብ አንዴ አይቶ ወደ ጎን አደረገው፣ ካርዱ ላይ ግን ግማሽ ሰዓት ቆየበት።