ሙዚቃ በታብሌት፦ ጠይቁኝ፣ እስከ ማታ አለሁ

አፕ፣ ኪቦርድ፣ ማይክ፣ ኬብል፣ የፈለጋችሁትን ጠይቁ። ግን የታብሌታችሁን ሞዴል ጻፉልኝ፣ እኔ ጠንቋይ አይደለሁም።

ሄኒ፦ አይፓድ ዘጠነኛ ትውልድ አለኝ። ጋራጅባንድ ይበቃኛል ወይስ ሎጂክ ፕሮ ልያዝ?

መልስ፦ ይበቃሻል። ሁለቱም የአፕል የሙዚቃ መሥሪያ አፖች ናቸው፣ ጋራጅባንድ ግን ነጻ ነው። ሎጂክ በ2023 እ.ኤ.አ. ለአይፓድ ሲመጣ በወር 4.99 ዶላር ነበር። መጀመሪያ አንድ ዘፈን ጨርሺ።

ቢኒ ቢት፦ ለቢት ምርጡ አፕ የቱ ነው?

መልስ፦ ታብሌትህ?

ቢኒ ቢት፦ ሳምሰንግ።

መልስ፦ ሳምሰንግ ምን? ተወው። ባንድላብ ነጻ ነው፣ ኤፍኤል ስቱዲዮ ሞባይል ይከፈልበታል። ቀጣይ።

የክራሩ ልጅ፦ አይፓድ አሥረኛ ትውልድ። በትዝታና በአንቺሆዬ ቅኝት ስጫወት ሁሌ የማይገባ ኖታ እነካለሁ።

መልስ፦ ተባረክ፣ ይህችን ነበር የምጠብቀው። ጋራጅባንድ ኪቦርድ ላይ ስኬል (የኖታ ምርጫ፣ እንደ ቅኝት በለው) የሚል አለ። ሜጀር ፔንታቶኒክን ስትመርጥ የማይገቡት ኖታዎች ከስክሪኑ ይጠፋሉ። ከሲ ብትነሳ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ ይቀሩልሃል፤ ትዝታ ሜጀር ማለት ይኸው ነው። አንቺሆዬን ግን እዚያ አታገኘውም። ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ኤ ነው፣ በጣትህ ልመደው። እኔ ስጀምር የማይነኩት ቁልፎች ላይ ፕላስተር ለጥፌ ነበር የምለማመደው፣ ሙጫው እስካሁን አልለቀቀም። ደግሞ ችክችካ ከሆነ ምንም ሳትቀዳ ታይም ሲግኒቸሩን (የምት አቆጣጠሩን) 6/8 አድርገው፤ አለዚያ ምት ቆጣሪው ሜትሮኖም በ4/4 እየቆጠረ ከበሮህን ያጣምምብሃል።

ጋሽ ማሲንቆ፦ የክራር አንቺሆዬ ከፒያኖ ጋር አይገጥምም። ልጁን አታሳስተው።

ቢኒ ቢት፦ ጋሼ፣ አድማጭ እኮ ልዩነቱን አይሰማም።

ጋሽ ማሲንቆ፦ አንተ አትሰማም በል።

የክራሩ ልጅ፦ እኔ ይሰማኛል ጋሼ!

መልስ፦ ጋሽዬ ልክ ነዎት። ክራር በጆሮ ነው የሚቃኘው፣ ኪቦርዱ ደግሞ ኦክታቩን (ከሲ እስከ ቀጣዩ ሲ ያለውን) እኩል 12 ቦታ ይከፍለዋል። ስለዚህ ክራር ያለው ሰው ክራሩን በማይክ ይቅዳ፣ ኪቦርዱን ለቤዝ ይተወው። ክርክሩ እዚህ ላይ ያብቃ።

ሜሪ፦ አይፓድ አሥረኛ ትውልድ፣ ኢርፎኔ ብሉቱዝ ነው። ስዘፍን ድምፄ ዘግይቶ ይመጣል።

መልስ፦ ብሉቱዝ ለመቅዳት አይሆንም። ባለ ገመድ ኢርፎን ያዢ። ያንቺ አይፓድ የኢርፎን ቀዳዳ ስለሌለው ከዩኤስቢ-ሲ ወደ ጃክ የሚቀይር ኮንቨርተር ያስፈልግሻል።

ዳኒ፦ ዘጠነኛ ትውልድ። ኦዲዮ ኢንተርፌሴን (ማይክ ከታብሌት ጋር የሚያገናኘውን ሳጥን) ስሰካ ብዙ ኃይል ይፈልጋል ይለኛል።

መልስ፦ ዩኤስቢና የቻርጀር ቀዳዳ አንድ ላይ ያለውን የአፕል የካሜራ ኮንቨርተር ፈልግ። በአንዱ ኢንተርፌሱ፣ በሌላው ቻርጀሩ። መብራት ቢጠፋ ፓወርባንክ ሰካበት።

አቤል፦ ብሉቱዝ ማይክስ?

መልስ፦ ከላይ አንብብ።

ሰላም ከዲሲ፦ አዲስ አበባ ላለው ወንድሜ የአፕል ስጦታ ካርድ ልላክለት?

መልስ፦ የአሜሪካ ካርድ የሚገባው የአሜሪካ አካውንት ላይ ብቻ ነው። የሱ የየት አገር እንደሆነ ሳትጠይቂው ዶላርሽን እንዳታወጪ።

ቢኒ ቢት፦ ባንድላብን አወረድኩ፣ አሪፍ ነው። ኢርፎኔ ብሉቱዝ ነው፣ ችግር አለው?

መልስ፦ ቡና ልጠጣ ሄድኩ።