መልስ፦ በእቁብ ብር አሜሪካ ቤት መግዛት

«20,000 ዶላር እቁብ ሊደርሰኝ ነው፤ የ400,000 ዶላር ቤት ልግዛ?» ላልከው፣ ገና ነህ። በኤፍኤችኤ ብድር (የአሜሪካ መንግሥት ለአበዳሪው ዋስትና በሚሰጥበት የቤት ብድር)፣ የብድር አከፋፈል ታሪክህን የሚለካው የክሬዲት ነጥብህ 580 ከሞላ ቅድመ ክፍያው 3.5 በመቶ፣ ማለትም 14,000 ዶላር ነው። የክሎዚንግ (የግዢው ማጠናቀቂያ) ወጪው ግን አብዛኛውን ጊዜ የቤቱን ዋጋ ከ2 እስከ 5 በመቶ ይደርሳል፤ ቢያንስ 8,000 በለው። ሻጩ ካላገዘህ 2,000 ይጎድልሃል፤ ማሞቂያው ቢበላሽ የምትነካው መጠባበቂያም የለህም።

የባሰው ጣጣ እቁቡ ነው። አበዳሪው የባንክ መግለጫህን አይቶ ድንገት የገባው ብር ከየት እንደመጣ ይጠይቃል። ኤፍኤችኤ የቁጠባ ማኅበር ገንዘብ ይቀበላል፤ ግን የእቁቡን መዝገብ፣ ደረሰኝና የገንዘብ ያዡን ማረጋገጫ ይፈልጋል። ከደረሰህ በኋላ የምትቀጥለው መዋጮም ከወር ዕዳህ ጋር ይደመራል። እቁባችሁ በቃል ብቻ የሚሄድ ከሆነ (ብዙዎቹ እንዲያ ናቸው) የእቁቡን ዳኛ ከአሁኑ አነጋግር።