ከቆቦ ቲማቲም ለምትጭኚው እህቴ

እህቴ፣ «ከቆቦ አዲስ አበባ ቲማቲም ልልክ ነው፤ ከልክ በላይ አትጫኑ፣ ሹፌሩም ይረፍ የሚባለው ነገር ኪሎው ላይ ስንት ይጨምርብኛል?» ብለሽ ጠይቀሻል። አብሽሪ፣ የፈራሽውን ያህል አይደለም። እኔ በዚህ መንገድ ስምንት ዓመት አትክልት አመላልሻለሁ። መጀመሪያ ረዳት ነበርኩ፣ ኋላ የራሴን አይሱዙ ያዝኩ።

ሒሳቡን እንሥራው። መኪናዋ 50 ኩንታል ትጭናለች እንበል። ሳጥኑ 50 ኪሎ ከሆነ 100 ሳጥን ነው። ኪራዩ 28000 ብር ቢሆን ለአንድ ሳጥን 280 ብር ይደርሰዋል። ደላላው «140 ጫኚ» ይልሻል። ያኔ 200 ብር ይሆናል። ልዩነቱ በኪሎ 1 ብር ከ60 ሳንቲም ነው። በልኩ መጫን የሚያስከፍልሽ ይቺኑ ነው።

ትርፍ ጭነት የሚያስከፍለውን ደግሞ አይቻለሁ። ረዳት ሳለሁ አንድ ሌሊት 140 ሳጥን ጭነን ከደሴ ወጣን። ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ጋለ። የተቃጠለ ሸማ ሽታ ጋቢናውን ሞላው። ሹፌሩ በማርሽ ይዞ በስንት መከራ ዳር አስያዛት። ጎማው ስር ድንጋይ ላደርግ ስጎነበስ ማጅራቴ ላይ የሚቀዘቅዝ ነገር ጠብ ጠብ አለ። የቲማቲም ጭማቂ ነው። የታችኛው ረድፍ ተጨፍልቆ በካሶኒው ስንጥቅ ይፈሳል። ኮምቦልቻ ፍሬን ስናሠራ ቀኑ አለቀ። አዲስ አበባ ስንደርስ ነጋዴው 25 ሳጥን አልቀበልም አለ፤ የቀረውንም በወረደ ዋጋ ወሰደው። ነፍሳችን እንዴት እንደተረፈች አላህ ያውቃል።

እረፍቱን በተመለከተ፣ መንገዱ ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከሸዋ ሮቢት ሙቀት ተነስቶ ከ3000 ሜትር በላይ ወዳለው ጣርማ በር መውጣት ላልተኛ ሰው አይሆንም። ሹፌሩ ትንሽ ልተኛ ሲልሽ አትጨቅጭቂው። ይልቅ ቲማቲሙን ገና መቅላት ሲጀምር አስለቅሚው። በጠዋት ይለቀም፣ ጥላ ስር ይዋል፣ ሲመሽ ይጫን። እንዲህ ከሆነ ጥቂት ሰዓት ቢዘገይም አይጎዳም። ቀልቶ የበሰለ ቲማቲም ከጫንሽ ግን የሹፌሩ እንቅልፍ ሁሉ ኪሳራ ሆኖ ይታይሻል። ሽንኩርት ከሆነ ብዙም አያሳስብ።

ስትዋዋዪ የማረፊያውን ሰዓት አብረሽ ተነጋገሪ። ሳጥኑ ሲደረደር ራስሽ ቁሚ። ሸራውንም አፍነው እንዳያስሩት፣ በጎን አየር ይግባበት።