ግኖስቲኮች፣ ካርል ዩንግ እና «ጥላን መቀበል»፦ ክርስቲያን ምን ይውሰድ፣ ምን ይተው?

ጥያቄ፦ መምህር ሆይ፣ በጭንቀት ምክንያት ወደ ሥነ ልቦና አማካሪ መሄድ ጀምሬአለሁ። አማካሪዬ የስዊዘርላንዱን የአእምሮ ሐኪም የካርል ዩንግን መንገድ ነው የምትከተለው። ሕልሜን እንድጽፍ፣ «ጥላ» የምትለውን የተሸሸገ ማንነቴን እንድቀበል፣ በሕልሜ ካየኋቸው ሰዎች ጋር ዐይኔን ጨፍኜ በምናብ እንድነጋገር ታዘኛለች። ጠቅሞኛል፤ እንቅልፌም ተመልሷል። አንድ የማኅበራችን ወንድም ግን «ዩንግ ግኖስቲክ ነው፤ የምትማሪው የጥንት ኑፋቄ ነው» ብሎ አስደነገጠኝ። እውነት ነው? ልተወው ወይስ ልቀጥል?

መልስ፦ እኅቴ፣ ወንድማችን የተናገረው መሠረት አለው። ሕክምናሽን በሙሉ እንድትጥዪ የሚያደርግ ግን አይደለም። ከሦስቱ ልምምዶች ሁለቱን በጥንቃቄ ትቀጥያለሽ፤ ሦስተኛውን፣ ማለትም ከሕልም ሰዎች ጋር መነጋገሩን፣ እንድትተዪው እመክርሻለሁ። ምክንያቱን ለመረዳት ግን ነገሩን ከሥሩ ማየት ይገባል።

ግኖስቲኮች አንድ መሪና አንድ ደንብ ያለው ማኅበር አልነበሩም። በ2ኛው መቶ ዘመን በእስክንድርያ ባሲሊደስ (ሰማዕቱ ቅዱስ ፋሲለደስ እንዳይመስልሽ)፣ በሮም ደግሞ ቫለንቲኖስ በየራሳቸው መንገድ አስተምረዋል። የጋራ ጭብጣቸው እንዲህ ነው፦ ከሁሉ በላይ የማይታወቅ አምላክ አለ፤ ከእርሱ አዮን የሚባሉ ሕላዌዎች ፈለቁ፤ የቫለንቲኖስ ተከታዮች 30 አድርገው ይቆጥሯቸዋል፤ የሁሉም ጉባኤ ፕሌሮማ፣ ማለትም ሙላት ይባላል። ከእነዚህ አንዷ ሶፍያ ከሥርዓቷ ወጥታ ወደቀች፤ ይህን የሚታየውን ዓለም የሠራው ታናሽና አላዋቂ አምላክ የተገኘው ከዚያ ውድቀት ነው። ይህ ሠሪ ከበላዩ ያለውን ስለማያውቅ «ከእኔ ሌላ አምላክ የለም» እያለ ይመካል። በነቢዩ ኢሳይያስ አፍ የተነገረውን የእግዚአብሔርን ቃል የድንቁርና ጉራ አደረጉት ማለት ነው። በሰው ውስጥ የታሰረ የመለኮት ፍንጣሪ አለ፤ መዳንም ያ ፍንጣሪ ከየት እንደመጣ ማወቅ ነው ይላሉ። የሊዮኑ ቅዱስ ሄሬኔዎስ በ180 ዓ.ም. ገደማ አምስት መጻሕፍት ጽፎ የተከራከራቸው በዚህ ነበር። ቅዱስ ጳውሎስም ጢሞቴዎስን «በውሸት እውቀት ከተባለ» ነገር እንዲርቅ አስቀድሞ አስጠንቅቆታል።

ዩንግ ከእነዚህ ጋር ያለው ግንኙነት የጠላት ወሬ አይደለም። ስለ ስውር አእምሮ ያስተማረው ሐኪም ከሆነው ከሲግመንድ ፍሮይድ ከተለየ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1916 (በአውሮፓ አቆጣጠር፤ ከዚህ በኋላም እንዲሁ)፣ ለሙታን የተነገሩ ሰባት ስብከቶችን ጽፎ ለወዳጆቹ ብቻ አደለ። ጸሐፊ አድርጎ ያቀረበው ራሱን አይደለም፤ የእስክንድርያውን ባሲሊደስን ነው። በ1951 ባሳተመው ሥራ ደግሞ የግኖስቲኮችን ምልክቶች ለብቻው በአንድ ምዕራፍ ተነተነ። በ1945 በላይኛው ግብፅ በናግ ሐማዲ አጠገብ በገንቦ ውስጥ የተገኙት፣ አብዛኞቹ የግኖስቲኮች የሆኑ የቅብጥ መጻሕፍት ይፋ ሲወጡም፣ አንደኛው ጥራዝ በ1952 በዙሪክ ለነበረው የዩንግ ተቋም ተገዝቶ በስሙ ተጠርቷል፤ በኋላ ወደ ካይሮው የቅብጥ ሙዚየም ተመልሷል።

ምን ፈልጎ ነው? ፍሮይድ በስውር አእምሮ ውስጥ ያየው በዋነኛነት ሰው ከራሱ የሸሸገውን ምኞት ነበር። ዩንግ ግን ከግል ትዝታ በታች ለሰው ልጅ ሁሉ የጋራ የሆነ ጥልቅ ንብርብር አለ ብሎ አመነ፤ በታሪክ ውስጥም ይህን ከእርሱ በፊት ያየ ሰው ፈለገ። ግኖስቲኮችን ያገኘው በዚህ ፍለጋ ነው። የሰማዩን ተረታቸውን ወሰደና ወደ ነፍስ ውስጥ አወረደው። ፕሌሮማ ስውር አእምሮ ሆነ። «ከእኔ ሌላ የለም» የሚለው ዕውር ሠሪ፣ ከራሱ በታች ጥልቅ ነገር መኖሩን የማያውቀው ኢጎ፣ ማለትም ሰው «እኔ» የሚለው ንቁ ማንነት ሆነ። የወደቀችው ሶፍያ በወንድ ነፍስ ውስጥ ያለችው ሴታዊት ምስል ሆነች፤ የታሰረው ፍንጣሪ ደግሞ «ምሉእ እኔነት» ተባለ።

እዚህ ላይ ለዩንግ ፍትሕ ማድረግ ያስፈልጋል። ግኖስቲክ ከሥጋና ከዓለም መሸሽ ይፈልጋል፤ የዩንግ በሽተኛ ግን ወደ ኑሮው፣ ወደ ትዳሩ፣ ወደ ሥራው እንዲመለስ ነው የሚታከመው። በ1952 ፈላስፋው ማርቲን ቡበር ግኖስቲክ ነህ ብሎ ሲከሰው፣ እኔ ሐኪም ነኝ፤ የምናገረው በሰው ነፍስ ውስጥ ስላለው የእግዚአብሔር ምስል እንጂ ስለ ራሱ ስለ እግዚአብሔር አይደለም ብሎ መለሰ። ይህን ድንበር ጠብቆ ቢሆን ኖሮ ክርክራችን አጭር በሆነ ነበር። አልጠበቀውም።

ዋናው ግጭት ክፋትን የሚመለከት ነው። አባቶቻችን ቅዱስ አትናቴዎስና ቅዱስ ባስልዮስ ክፋት የራሱ ባሕርይ የለውም፤ የመልካም መጉደል፣ የነጻ ፈቃድ መጣመም ነው ብለው አስተምረዋል። ዩንግ ይህን ትምህርት አጥብቆ ተቃወመ፤ ወዳጁ ከነበረው የካቶሊክ የዶሚኒካን ማኅበር ካህን ከቪክቶር ኋይት ጋር ያቃቃረውም በዋናነት ይኸው ነው። በ1952 ስለ ኢዮብ በጻፈው መጽሐፍ እግዚአብሔር ራሱ ጨለማ ጎን አለው፤ ሰው የሆነውም በኢዮብ ላይ ያደረገውን ለማካካስ ነው እስከ ማለት ደረሰ። ሥላሴም አራተኛ ይጎድለዋል፤ የጎደለውም የተጣለው የጨለማ ወገን ነው የሚል አሳብ አለው። ክርስቶስን የምሉእ እኔነት ምልክት ቢለውም ጥላ ስለሌለው ያልተሟላ ምልክት አድርጎ ይቆጥረዋል። ሐዋርያው ዮሐንስ ግን «እግዚአብሔር ብርሃን ነው ጨለማም በእርሱ ዘንድ ከቶ የለም» ይላል። ቅዱስ ጳውሎስም ሙላትን በሠላሳ አዮኖች ወይም በነፍሳችን ጥልቀት አልፈለገውም፤ «በእርሱ የመለኮት ሙላት ሁሉ በሰውነት ተገልጦ ይኖራልና» ብሎ በአንዱ በክርስቶስ አሳየን። ቃል በእውነት ሥጋ ካልሆነ ደግሞ ሥጋችን አልዳነም፤ ቅዱስ ጎርጎርዮስ ዘእንዚናዙ ቃል ያልነሣው (ያልተዋሐደው) አልተፈወሰም ያለው ለዚህ ነው። ምልክት ደግሞ ሥጋ አይነሣም።

አሁን ወደ ልምምዶቹ እንምጣ።

«ጥላን መቀበል» ሁለት ትርጉም ይይዛል፤ ጉዳቱ የሚመጣው ሁለቱ ሲቀላቀሉ ነው። የመጀመሪያው፦ ትሑት የመሰለችው ነፍሴ ቅናት አለባት፤ አገልግሎቴም ውዳሴ ይፈልጋል ብሎ እውነቱን ማመን ነው። ይህ የእኛም ነው። ኤርምያስ የሰው ልብ ተንኰለኛ ነው፣ ማንስ ያውቀዋል ብሎ ሲጠይቅ፣ ዳዊትም «አቤቱ፥ መርምረኝ ልቤንም እወቅ» ሲል ይህንኑ ነው። በ4ኛው መቶ ዘመን በግብፅ በረሃ የኖረው ኤቫግርዮስ መነኮሳትን አሳባቸውን እንዲከታተሉ ሲያዝ፣ የትኛው አሳብ ደጋግሞ ይመጣል፣ የትኛው የትኛውን ይከተላል፣ መቼ ይበረታል፣ መቼ ይለዝባል ብለው እንዲያስተውሉ ነግሯቸዋል፤ ከየትኛውም አማካሪ ማስታወሻ ደብተር የማያንስ ትክክለኛ ሥራ ነው። ሁለተኛው ትርጉም ግን፦ ቅናቴም የሙላቴ ክፍል ነው፤ ከእርሱ ጋር ታርቄ እኖራለሁ የሚል ነው። ይህን አንቀበልም። ስሜቱ እንዳለብን እናምናለን፤ ኀጢአቱን እንናዘዛለን። አንድ ነገር ስትጽፊ አራት ጥያቄ ይብቃሽ፦ ምን ተሰማኝ? በምን አጋጣሚ? ምን አደረግሁ ወይም ተናገርሁ? ማን ተጎዳ? የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ከአማካሪሽ ጋር የምትሠሪያቸው ናቸው፤ የኋለኞቹ ሁለቱ ወደ ንስሐ አባትሽ ይሄዳሉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ማወቁን እንደ ሥርየት ስለሚቆጥር ነው። ቁጣሽ ከልጅነት ቁስል እንደመጣ መረዳት ቁጣውን ያቀልለው ይሆናል፤ የሰደብሻትን እኅትሽን ይቅርታ ከመጠየቅ ግን አያድንሽም።

ሕልምን መጻፍ ክፉ አይደለም። እንደነቃሽ በአምስት ስድስት መስመር ጻፊ፤ ቀጥሎ የቀደመው ቀን ምን እንዳለፈብሽና በሕልሙ ውስጥ የነበረውን ስሜት ጨምሪ። ከዚያ በላይ አትሂጂ። ሕልምን ትንቢት አታድርጊው፤ ጋብቻን፣ ሥራን፣ ጠብንና ዕርቅን በሕልም አትወስኚ፤ ሲራክ ሕልም ብዙዎችን እንዳሳተ ይመክረናል። የምልክት መዝገበ ቃላት ይዘሽ እባብ ይህ ነው፣ ውኃ ያ ነው እያልሽ መተርጎምም ከንቱ ድካም ነው፤ ዩንግ ራሱ እንኳ እንዲህ ያለውን አንድ ወጥ ፍቺ አይወድም ነበር።

ሦስተኛው፣ ንቁ ምናብ የሚባለው፣ የተለየ ነው። አካሄዱ አእምሮን ጸጥ አድርጎ አንድን ምስል መጥራት፣ ምስሉ በራሱ እንዲንቀሳቀስ መተው፣ ከዚያም እንደ ሌላ አካል እየጠየቁ መልሱን መጻፍ ነው። ዩንግ እንዲህ ሲያደርግ ፊሌሞን ከሚለው ሽማግሌ ጋር ይነጋገር ነበር፤ ፊሌሞንም እርሱ ያላሰበውን እንደሚነግረው፣ እንደ መንፈሳዊ መሪም እንደቆጠረው ገልጿል። ልምምዱ የተሸሸገ የአእምሮ ሕመም ያለበትን ሰው ሊጥል እንደሚችል ያስጠነቀቀውም እርሱ ነው። እኛ የምንጨምረው ምክንያት አለ፦ ማንነቱን ለማታውቂው ተናጋሪ የመምህርነት ወንበር ትሰጪዋለሽ፤ የመጣው ከራስሽ ድካም ይሁን ከሌላ የምትለዪበት ሚዛን ደግሞ በእጅሽ የለም። ሰይጣን የብርሃንን መልአክ እንዲመስል ራሱን እንደሚለውጥ ተጽፏል። በምትኩ በሕልም ያየሻት ሴት ምን ትወክል እንደሆነ ዐይንሽን ገልጠሽ ከአማካሪሽ ጋር ተነጋገሪ፤ ስትጽፊም በእርሷ አፍ ሳይሆን «እኔ እፈራለሁ፣ እኔ ተቆጥቻለሁ» ብለሽ በራስሽ አፍ ጻፊ። መነጋገር የሚያምርሽ ከሆነ መዝሙረ ዳዊት አለልሽ፤ እዚያ የምታነጋግሪውን ታውቂዋለሽ።

ለአማካሪሽ በግልጽ ንገሪያት፦ «ስለ ስሜቴና ስለ ሕልሜ መነጋገሩን እቀጥላለሁ፤ ንቁ ምናቡን ግን በእምነቴ ምክንያት አልሠራም፤ ክፋትና መልካም በእግዚአብሔር አንድ ናቸው የሚለውንም አልቀበልም።» ጥሩ ባለሙያ ይህን ሰምታ አሠራሯን ታስተካክላለች። እምነትሽን እንደ በሽታ ምልክት ካየችው፣ ወይም ጸሎትሽንና ንስሐሽን እንድትተዪ ከገፋፋችሽ ሌላ ባለሙያ ፈልጊ። የንስሐ አባትሽም ነገሩን ይወቁት፤ እርሳቸውን ግን የሥነ ልቦና ሐኪም፣ አማካሪሽንም አናዛዥ አታድርጊ።

አንድ ምልክት ለይቼ ልንገርሽ። ከልምምዱ በኋላ ሌሎች የማያውቁትን ያወቅሁ፣ የተመረጥሁ፣ ምእመናንም ተራ ሰዎች ሆነው የሚታዩኝ ሆንሁ ካልሽ አቁሚ። ዩንግ ይህን የኢጎ መነፋት ይለዋል፤ ጳውሎስ «እውቀት ያስታብያል» አለው፤ ቫለንቲኖሳውያን ደግሞ ሰውን ሥጋዊ፣ ነፍሳዊና መንፈሳዊ ብለው ከፍለው ራሳቸውን በሦስተኛው መደብ አስቀመጡ። ልምምዱን ካቆምሽ በኋላ እንኳ ድምፅ ከተሰማሽ፣ እንቅልፍ ለተከታታይ ሌሊት ከጠፋ፣ ወይም ራስሽን የመጉዳት አሳብ ከመጣ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ፤ በዚያው ቀን ለቤተሰብ ነግረሽ ወደ አእምሮ ሐኪም ሂጂ። ጸሎቱና ጠበሉ ከሕክምናው ጋር ይሄዳሉ።

ወንድማችን «የተደበቁ ወንጌሎች» ብሎ መጽሐፈ ሄኖክንም ከናግ ሐማዲ መጻሕፍት ጋር ከደባለቀ ደግሞ አርሚው። ሄኖክ ፈጣሪ አንድ መሆኑን ያውቃል፤ እዚያ የወደቁት መላእክት ለሰው የገለጡት ምሥጢር ምድርን አበላሸ እንጂ ማንንም አላዳነም። በማኅበራዊ ገጾች «በውስጥህ ያለውን ብታወጣ ያድንሃል» እየተባለ የሚዞረው ቃል ግን 114 አባባሎች ካሉት የቶማስ ወንጌል ከሚባለው ነው፤ እርሱ ከናግ ሐማዲ ጥራዞች በሁለተኛው ውስጥ ይገኛል፤ ከቅዱሳት መጻሕፍት አይቆጠርም።

መድኃኒት የታዘዘልሽ ከሆነ፣ ይህን መልስ አንብበሽ ብቻ አታቋርጪው፤ የሚጨመርም የሚቀነስም በሐኪሙ ነው።