የእናቴ ቤት ቡና የዶክትሬት ርዕስ ይሆናል?

ይድረስ ለጋሼ፣

ጤና ይስጥልኝ። አምድዎን ከተማሪነቴ ጀምሮ አነባለሁ። አንድ ቀን እኔም እጽፋለሁ ብዬ ግን አላሰብኩም።

ዕድሜዬ 34 ነው። በአንድ የክልል ዩኒቨርሲቲ በጋዜጠኝነትና ኮሙኒኬሽን ትምህርት ክፍል ሌክቸረር ነኝ። ከዚያ በፊት አዲስ አበባ በአንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ አራት ዓመት በፕሮዲውሰርነት ሠርቻለሁ። ማስተርሴን ስጨርስ ማስተማር ይሻለኛል ብዬ ወጣሁ። አልተጸጸትኩም። ግን የቴሌቪዥን ፕሮዳክሽን የማስተምረው 50 ተማሪ ይዤ በሁለት ካሜራ ነው። የአንዱ ባትሪ አይዝም። የቀረውን በጠመኔ ሰሌዳ ላይ እስለዋለሁ። ግማሾቹ ተማሪዎች ክፍሉን ፈልገው አልመጡም፣ ተመድበው ነው። የቀሩት ደግሞ ዜና አንባቢ መሆን ብቻ ነው የሚፈልጉት።

አሁን ዶክትሬት ልጀምር ነው። ጭንቀቴም ከዚህ ይጀምራል።

እናቴ ደብረ ብርሃን ነው የምትኖረው። አምስት ስድስት የሰፈር ሴቶች እሷ ቤት ቡና ይጠጣሉ። ቡናው የሚፈላው በቱርክ ድራማው ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት ብደውል ስልክ አታነሳም። ቃና በ2008 ዓ.ም. ሲጀምር «የሥራ ፈት ነገር» ስትል የነበረችው እሷው ነች! ለእረፍት ስሄድ አብሬያቸው እቀመጣለሁ። መጀመሪያ ልስቅባቸው ነበር። ኋላ አንድ ነገር አስተዋልኩ። መብራት ሲጠፋ፣ ወይም አንዷ ለቅሶ ሄዳ ክፍሉ ሲያመልጣት፣ በማግስቱ አንዲት ጎረቤታችን ትተርክላታለች። የምትተርከው ግን እኔ ያየሁትን አይደለም። የቱርኮቹን ስም ትታ «ያ ቀጫጫው»፣ «የሀብታሞቹ ምራት» ትላቸዋለች። ድራማው ሳይቀጣው ያለፈውን ሰው እሷ ትቀጣዋለች። አማትየዋ ያልተናገረችውን ስድብ ታናግራታለች፤ ስድቡም የእኛው አገር ስድብ ነው። ሌሎቹ «እንዲያ አላለችም!» ብለው ይሟገቷታል። አንድ ቀን ስለ ውርስ የሚያወራ ክፍል ነበር። ከዚያ ተነስተው የራሳቸውን የቤት ውርስ ጉዳይ ገቡበትና ሳያውቁት መሸ።

ይሄ ነው ርዕሴ አልኩ። ሐሳቡን በሴሚናር ሳቀርብ ሳቁ። አንዱ ባልደረባዬ «ፊልም እያየሽ ዶክተር ልትሆኚ ነዋ!» አለኝ። የማከብራቸው አንድ አንጋፋ መምህር ደግሞ በቅንነት «ልጄ፣ ስለ ሚዲያና ሰላም ግንባታ ብትጽፊ ይሻልሻል፤ ፈንድም ታገኚያለሽ» አሉኝ።

በዚህ መሀል አንድ መንግሥታዊ ያልሆነ ድርጅት አዲስ አበባ ላይ የኮሙኒኬሽን ኃላፊነት አቀረበልኝ። ደሞዙ የአሁኑን ብዙ እጥፍ ነው። አሜሪካ ያለው ወንድሜ ደግሞ «እዚህ መጥተሽ ተማሪ» ይላል። የቱን ልያዝ?

ሰሌዳ ላይ ካሜራ የምስለው መምህርት

*

እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። ስለ ዶክትሬትሽ ነው የምትጠይቂኝ። ግን ግማሹ ደብዳቤ ስለ እናትሽ ቤት ቡና ነው። ስለ ድርጅቱ ሥራ የጻፍሽው ሁለት ዓረፍተ ነገር ሲሆን አንደኛው ደሞዙ ነው። ከኃላፊነቱ ስም በቀር ምን እንደምትሠሪበት እንኳ አልነገርሽኝም። እንግዲህ መልሱን ራስሽ ጽፈሽ ልከሽልኛል ማለት ነው። እኔ የቀረችውን ልበል።

ከሳቁብሽ ልጀምር። በዚህ ሙያ ያልተሳቀበት የለም። እንግሊዝ አገር ጋዜጦች የሚዲያ ጥናትን «ሚኪ ማውስ ዲግሪ» እያሉ ሲያላግጡበት ኖረዋል። እንግዲህ ይህ የሚባለው ትልቁ የሚዲያ ተመራማሪ ስቱዋርት ሆል በሠራበት አገር ነው! ሆልን በየዓመቱ እንደምታስተምሪው እርግጠኛ ነኝ። ከጃማይካ በ1951 እ.ኤ.አ. ለትምህርት ኦክስፎርድ የመጣ ሰው ነው። የዶክትሬት ጽሑፉን ጀምሮ ተወው። ኋላ በበርሚንግሃም የባህል ጥናት ማዕከል ሆኖ በ1973 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ጽሑፍ ነው ዛሬ ድረስ በየክፍሉ የሚነበበው። ጣቢያው ያሰበውን ትርጉም ተመልካቹ እንዳለ ላይቀበል ይችላል ነው ነገሩ። ሊስማማ ይችላል፣ ሊደራደር ይችላል፣ ጭራሽ ሊቃወም ይችላል። «እንዲያ አላለችም!» እያሉ የሚሟገቱት የእናትሽ ጓደኞች ታዲያ ምን እያደረጉ ነው?

ያ ማዕከል የተቋቋመው በ1964 እ.ኤ.አ. ነው። የእኛም ቴሌቪዥን አዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ውስጥ ሥራ የጀመረው በዚያው ዓመት ነው፤ በእኛ 1957 ዓ.ም.። እነሱ ገና ከጅምሩ ሕዝቡ የሚወደውን ነገር ቁጭ ብለው ማጥናት ያዙ። እኛ ማየቱን ቀጠልን። ልጅ ሆኜ ቴሌቪዥን ያለው ጎረቤት ቤት ጫማችንን በር ላይ አውልቀን እንገባ ነበር። አባባ ተስፋዬ ከመስኮቱ «ጤና ይስጥልኝ ልጆች» ሲሉን ብድግ ብለን ነበር የምንመልሰው። ሰውዬው የሚሰሙን ይመስለን ነበር። የቤቱ እመቤት ማን እንደተቀመጠ፣ ማን እንደተባረረ፣ ምን ሲታይ ቴሌቪዥኑ እንደሚዘጋ፣ ይህን ሁሉ ማን ጻፈው? እኔም አልጻፍኩትም።

አሁን ወደ ርዕስሽ። ኢየን አንግ የምትባል ተመራማሪ አለች። በ1980ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ኔዘርላንድ ውስጥ «ዳላስ» የሚባለው የአሜሪካ ድራማ ሕዝቡን ቴሌቪዥን ላይ ሰክቶት ነበር። ምሁራኑ ደግሞ ባህላችን ጠፋ ይላሉ። ቃና ሲመጣ የኛ አርቲስቶች ያነሱት ስሞታ ትዝ አይልሽም? አንግ ምን አደረገች? በአንድ የሴቶች መጽሔት ላይ ማስታወቂያ አወጣች። ዳላስን የምትወዱም የምትጠሉም ምክንያታችሁን ጻፉልኝ አለች። የመጣላት 42 ደብዳቤ ነው። አርባ ሁለት ብቻ! ከዚያ ያወጣችው ጥናት ዛሬ በዓለም ላይ ቴሌቪዥን የሚያጠና ሁሉ የሚያውቀው ነው። ደብዳቤ አንብቦ መልስ የሚጽፍ እንደኔ ያለ ሰው ይህን ሲሰማ ደስ ይለዋል፣ አልደብቅሽም።

ለአንቺ ግን ከእሷም የሚቀርቡሽ አሉ። ታማር ሊበስና ኤሊሁ ካትዝ ያንኑ ዳላስን ይዘው እስራኤል ውስጥ ሰዎችን በየቤቱ ሰበሰቡ። ከሞሮኮ የመጡ አይሁድ፣ አረቦች፣ ከሩሲያ አዲስ የገቡ፣ ኪቡትዝ የሚባሉት የጋራ መንደሮች ነዋሪዎች ነበሩ። ካሊፎርኒያ ያሉ አሜሪካውያንም ጨመሩበት። አንድ ክፍል አሳዩዋቸውና «ላላየ ሰው እንደምትነግሩት አድርጋችሁ ተርኩልን» አሏቸው። አረቦቹና ሞሮኮዎቹ ታሪኩን ከጫፍ እስከ ጫፍ በቅደም ተከተል ተረኩ። ሩሲያዎቹ ታሪኩን ትተው ከጀርባው ያለውን መልእክት መፈልፈል ያዙ። አሜሪካኖቹና የኪቡትዞቹ አንድ ሁለት ገጸ ባሕርይ መርጠው ስለ እነሱ አወሩ። አየሽ፣ ተመራማሪዎቹ ሰው ሰብስበው፣ ለምነው ያስተረኩትን ነገር፣ የአንቺ ጎረቤት መብራት በጠፋ ቁጥር በነጻ ትሠራዋለች።

ካትዝ፣ ነገር ከተነሣ፣ የእስራኤል ቴሌቪዥን በ1960ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ሲመሠረት የመራው ሰው ነው። ጣቢያ አቋቁሞ ተመልሶ ማስተማሩና መመራመሩ ላይ ገባ። አራት ዓመት ጣቢያ መሥራትሽ ብክነት እንዳይመስልሽ ነው የማነሳልሽ። የስርጭት ሰዓት እንዴት እንደሚመደብ፣ ስፖንሰር ምን እንደሚያስቀይር በዓይንሽ አይተሻል።

ስለ ሰላም ግንባታው ርዕስ፣ አንጋፋው መምህር ክፉ አልመከሩሽም። ፈንድ የሚገኘው እዚያ ነው፣ እውነታቸውን ነው። ግን «የሚዲያ ሚና በ…» ተብሎ የሚጀምር ጥናት በየቤተ መጻሕፍቱ ተከምሯል። ጋዜጠኛ ይጠየቃል፣ መጠይቅ ይበተናል፣ ሚናው ጉልህ መሆኑ ይረጋገጣል። ደራሲዋ እንኳ ሁለተኛ አታነበውም። ዶክትሬት አራት አምስት ዓመት አብረሽው የምትተኚው ነገር ነው። በሁለተኛው ዓመት ሲሰለችሽ የሚያስነሳሽ ፈንዱ አይደለም።

ርዕሱን አቀራረብ ግን ትንሽ አስተካክዪ። «የቱርክ ድራማ» ብለሽ ስትጀምሪ ሰው ይስቃል። «የውጭ ታሪክ በቡና ላይ እንዴት እንደገና ይተረካል» ስትይ ሁሉም የራሱ እናት ትዝ ትለዋለች። ጥናቱ ያው ነው። የተቀየረው በሩ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ግን ያሳስበኛል። ሴቶቹ ቡና ሊጠጡ እንጂ ሊጠኑ አልመጡም። ፈቃዳቸውን ጠይቂ፤ ፈርሙ ብለሽ ወረቀት ስትዘረጊ የሚደነግጡ ካሉም ቀስ ብለሽ አስረጂ። የውርሱ ወሬ የሰው ገመና ነው። ደብረ ብርሃን ትንሽ ከተማ ነች፤ ስም ብትቀይሪም ማን እንደሆነች ይታወቃል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መቅጃ አታውጪ። ማታ ማታ ደብተር ላይ ጻፊ። ደግሞም የእናትሽን ቤት ብቻ አትያዢ። የማታውቂያቸው ሴቶች የሚሰበሰቡበት ሌላ ቤት ፈልጊ። በእናትሽ ቤት ልጅ ነሽ፤ ተነሺ ስኒ እጠቢ ይሉሻል።

ገንዘቡን እንዳልዘለልኩት እንድታውቂ። የሌክቸረር ደሞዝ ወር አይደርስም፤ ይህን ለአንቺ መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነው። የምትጦሪው ሰው ካለ፣ ዕዳ ካለብሽ፣ የድርጅቱን ሥራ ብትወስጂ ማንም አይፈርድብሽም። እኔ ግን ከደብዳቤሽ ውስጥ እንዲህ ያለ ችግር አላየሁም። ካለ ደብቀሽኛል። ከሌለ ዩኒቨርሲቲው ለትምህርት ሲለቅሽ የሚያስፈርምሽን ውል ከመፈረምሽ በፊት መስመር በመስመር አንብቢ። ስንት ዓመት ተመልሰሽ ማገልገል አለብሽ? ብታቋርጪ ምን ትከፍያለሽ? ዋሱ ማን ነው? ብዙ ሰው ይህን የሚያነበው ከተጣላ በኋላ ነው።

ወንድምሽ ያለውም መንገድ ነው። አሜሪካ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የዶክትሬት ተማሪን እያስተማረ ወይም እያገዘ እንዲማር ክፍያውን ይሸፍኑለታል፣ ኪስ ገንዘብም ይሰጡታል። ብትሄጂም ለመስክ ሥራው መመለስሽ አይቀርም። ቡናው ያለው እዚህ ነው።

እስከዚያ ድረስ የሁለት ካሜራ ክፍልሽን አታቋርጪ። እነዚያ ዜና አንባቢ ካልሆንን የሚሉ ልጆች፣ አንድ ቅዳሜ ወደየቤታቸው ሲሄዱ እናቶቻቸው ምን እንደሚያዩና ምን እንደሚሉ ጽፈው ይምጡ። ለዚህ ባትሪ አያስፈልግም።

አንድ ጥያቄ አለኝ። ያቺ ተራኪዋ ጎረቤታችሁ፣ ያልተቀጣውን የምትቀጣው፣ ሥራዋ ምንድን ነው? ልጆች አሏት? ለሌላ ነገርስ ተራኪ ነች ወይስ ለድራማው ብቻ? ደብዳቤሽ ውስጥ ስለ ትረካዋ እንጂ ስለ ራሷ ምንም አልጻፍሽም። በሚቀጥለው እረፍትሽ ጠይቂያትና ጻፊልኝ።