መልስ፦ ማዘርን ይዤ የእንግሊዝን ባህር ዳርቻ በመኪና፣ ኮርንዋል ወይስ ሌላ?

ወንድሜ ከሊድስ ተነስተህ በ3 ቀን ደቡብ ምዕራብ ጫፍ ያለው ኮርንዋል ደርሶ መመለስ ማለት ማዘርን ሞተርዌይ ማስጎብኘት ነው፣ ተወው። ወደ ሰሜን ውጣ፣ ከስኮትላንድ ድንበር በታች ያለው ኖርተምበርላንድ። ኤ1 የሚባለውን አውራ ጎዳና ይዘህ ቀጥ ካልክ ግን ባህሩን እምብዛም አታየውም፣ አልንማውዝ ጋ ወደ ቀኝ ታጠፍና በትንንሾቹ መንገዶች ቀስ እያልክ ሂድ። ክራስተር ላይ ቁም፣ በኦክ እንጨት ጭስ የሚያጨሱት ሄሪንግ የሚባል ዓሳ አለ፣ ሽታው ገና ከመኪና ሳትወርድ ነው የሚቀበልህ (ማዘር በጾም ዓሳ የማይበሉ ከሆነ ግን ቀኑን አስላው፣ ጁን ላይ የሐዋርያት ጾም አለ)። ዳንስታንበርግ ካስል (የፈረሰ የድሮ ግንብ ነው) መኪና አይገባም፣ በሳሩ ላይ 2 ኪሎሜትር ገደማ በእግር ነው፣ እሳቸው ጉልበታቸውን ካመማቸው ፍርስራሹ ከሩቅም ይታያል። ባምበርግ ግን ካስሉ መንገዱ ዳር ነው፣ ከስሩ አሸዋ።

ዋናው ሊንዲስፋርን ነው፣ ቅዱስ አይዳን በ635 ገዳም የመሠረተባት ደሴት፣ እንደ ጣና ገዳማት ናት በላቸው፣ ማዘር ራሳቸው ናቸው የሚያስቸኩሉህ። ብቻ መንገዱን ባህሩ በቀን ሁለቴ ይውጠዋል፣ የማቋረጫውን ሰዓት የአካባቢው አስተዳደር (ካውንስሉ) ድረገጽ ላይ ሳታይ እንዳትሞክራት፣ ውሃው ትንሽ ነው ብለው ገብተው መኪናቸው የሚዋጥባቸው ሰዎች ሁሌም አሉ። ማደሪያ እዛው ባህሩ ዳር ያለችው ሲሃውስስ ከተማ ያዝ፣ ጁን ላይ ከሆነ ከዛው በጀልባ ፋርን ደሴቶች ሄዳችሁ ፓፊን የሚባለውን የባህር ወፍ ታያላችሁ፣ ጃኬትና ነጠላ ግን አይቅር፣ ነፋሱ በበጋም አይምርም።